የአባቴ ደብተር የእህቴን ሠርግ «አይጸናም» አለኝ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ሰሜን ወሎ፣ መርሳ አካባቢ የምኖር የሒሳብ መምህር ነኝ። ዕድሜዬ 31 ነው።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ቅኔ ያስተምሩ ነበር። ባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ በቃላቸው ያወጡ ነበር። ኮከብም ይቆጥሩ ነበር። ልጅ ሊድር ያሰበ፣ ከብት የጠፋበት፣ ሩቅ መንገድ የሚወጣ ሰው ሁሉ እኛ ቤት ይመጣ ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ። አባቴ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ያመጡላቸውን ቡና ይቀበላሉ፣ በቃ። ካረፉ ሁለት ዓመት አለፋቸው። ከአውደ ነገሥት፣ ከኮከብ ቆጠራው መጽሐፍ፣ እየመረጡ በእጃቸው የገለበጡት አንድ ወፍራም ደብተር ለእኔ ቀረ። አሁንም ሰዎች «የመሪጌታ ልጅ አይደለህ?» እያሉ ይመጡብኛል።

እህቴ ከጥምቀት በኋላ ልታገባ ነው። ሽማግሌ ተልኳል፣ ቀለበት ታስሯል። ልጁ ኮምቦልቻ የሚሠራ ሾፌር ነው። ደህና ልጅ ነው (ለመኪናው የተበደረው ብዙ ነው ይባላል እንጂ)። አንድ ማታ እጄ አላርፍ አለኝና የሁለቱን ስም ከእናቶቻቸው ስም ጋር ደምሬ ገደፍኩት፤ አካፍዬ ቀሪውን ያዝኩ ማለቴ ነው። እሱ እሳት ሆነ፣ እሷ ውሃ። በአባቴ እጅ ጽሑፍ «አይጸናም፤ ሀብት ይበትናል» ይላል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እናቴ ደብተሩን ይዤ አየችኝና «ምን ወጣ?» አለች። «ደህና ነው» አልኳት።

ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ተቆጡ። «አቃጥለው» አሉኝ። የአባቴን እጅ ጽሑፍ እንዴት አቃጥላለሁ? ደግሞስ ሰብአ ሰገል በኮከብ ተመርተው አይደል ጌታን ያገኙት? መጽሐፈ ሄኖክስ ስለ ከዋክብት ይናገር የለም እንዴ? ለእህቴ ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? አባቴስ ዕድሜያቸውን ሁሉ በኃጢአት ነው የኖሩት?

የመሪጌታ ልጅ፣ ከመርሳ

ወንድሜ፣ አብሽር። ነፍሳቸውን ይማርልን። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ብዙ ጥያቄ ጠይቀኸኛል። እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ በቅንፍ ውስጥ ሸጎጥ አድርገህ ያለፍከው ዕዳ ነው። እሱን በኋላ እናነሣዋለን። መጀመሪያ እንቅልፍ የነሳህን ነገር እንየው።

ያን ማታ ምን አደረግክ? ስም ጻፍክ፣ ፊደሉን በቁጥር ለወጥክ፣ ደመርክ፣ በ12 ገደፍክ። ቀሪው ከሐመል እስከ ሑት ካሉት 12 ኮከቦች አንዱ ላይ አሳረፈህ። ልብ በል፤ ሰማዩን ቀና ብለህ አላየኸውም። አባትህም ሲቆጥሩ አያዩም ነበር። ውጭው ደመና ይሁን ጨረቃ፣ ሐምሌ ይሁን ጥቅምት፣ ያው ስም ያንኑ ኮከብ ይሰጣል። ኮከብ ቆጠራ እንለዋለን እንጂ ኮከብ አልተቆጠረም፤ የተቆጠረው ፊደል ነው። ደግሞ የትኛውን ስሟን ነው የቆጠርከው? የክርስትና ስሟን ነው ወይስ ቤት የምትጠሩበትን? ነገ አማቶቿ እንደ አገራችን ወግ ሌላ ስም ቢያወጡላት በስንተኛው ኮከብ ልትኖር ነው?

የሒሳብ መምህር ስለሆንክ አንድ ነገር ልጨምርልህ። 12ቱ ኮከቦች በእሳት፣ በመሬት፣ በነፋስና በውሃ ሦስት ሦስት ሆነው ይመደባሉ። ስሞች በእኩል ተበትነው ይወድቃሉ ብለን ብናስብ፣ አንዱ እሳት ሌላው ውሃ የሚሆንበት ዕድል ከ8 አንድ ነው። አንተ ከእኔ በተሻለ ታሰላዋለህ። ታዲያ በመርሳና በአካባቢዋ ካሉ ጎጆዎች ከየስምንቱ አንዱ ፈርሶ ሀብቱ ተበትኗል? ልጆቻቸውን ድረው የልጅ ልጅ ያቀፉ እሳትና ውሃ በሰፈርህ ሞልተዋል። ማንም ስላልቆጠራቸው ብቻ አያውቁትም።

ነገሩን ያወሳሰበብህ አባትህ ሁለት ቆጠራ በአንድ እጅ መያዛቸው ይመስለኛል። የገጠሩም ሰው የሚምታታበት ይኼው ነው። ያው ሰው፣ ያው ደብተር፣ ያው «በዚህ ግደፍ» የሚል አነጋገር። ባሕረ ሐሳብ የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ሌላውም የቤተ ክርስቲያን ይመስላል። እስቲ የ2018ን እናውጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን እና 2018 ሲደመር 7518። በ19 ሲገደፍ 13 ይቀራል። «አሐዱ አእትት ለዘመን» ብለህ አንድ ስትጥል ወንበሩ፣ ማለትም የስሌቱ መነሻ ቁጥር፣ 12 ነው። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12። 12 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ይመጣሉ፤ ካልመጡ ተሳስተሃል ማለት ነው። ከዚያ ተነሥተህ ነነዌን ጥር 25፣ ዐቢይ ጾምን የካቲት 9፣ ፋሲካን ሚያዝያ 4 ታገኛለህ። ላሊበላ ያለውም፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ ያለውም፣ አክሱም ያለውም ይህንኑ ያወጣል። ማንም ሊያርመው ይችላል። ደግሞ ስለማንም ሰው ዕድል ትንፍሽ አይልም። መቼ እንደምንጾምና መቼ እንደምንፈስክ ብቻ ነው የሚነግረን። የስም ቆጠራው ማረሚያ የለውም። «ጭቅጭቅ ይኖራል» ብሎ ተሳስቶ የሚያውቅ ቆጣሪ አይተሃል? ጭቅጭቅ የሌለበት ትዳርስ?

አባትህ ለእህትህ ሠርግ የተዉላችሁ የሚጠቅም ቁጥር አለ ካልክ ይኼኛው ነው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ አንድ ወር አይሞላም፤ በመሀሉ የነነዌ ሦስት ቀን አለ። ይህን ለኋላ ያዝልኝ።

ስለ ሰብአ ሰገል ያነሣኸው ጥያቄ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ያነሣዋል። የማቴዎስን ምዕራፍ 2 ረጋ ብለህ አንብበው። ኮከቡ ወደ ኢየሩሳሌም አመጣቸው እንጂ ቤተ ልሔም የሚለውን የከተማ ስም አልነገራቸውም። ያንን ያገኙት የሚክያስ ትንቢት ሲነበብ ነው። ወደ አገራቸው በየት እንደሚመለሱም የተነገራቸው በሕልም ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ክፍል ሲያብራራ ያ ኮከብ እንደ ሌሎቹ አልነበረም ይላል። በቀን ይታያል፣ ይሰወራል፣ ተመልሶ ይወጣል፣ ወርዶ ሕፃኑ ካለበት ቤት በላይ ይቆማል። ኮከብ ቆጣሪዎች የሚሉት ደግሞ ተቃራኒውን ነው ይላል። እነሱ ከተወለደ ሰው ተነሥተው ዕድሉን እናውቃለን ይላሉ እንጂ ማን እንደተወለደ ከኮከብ እናያለን አይሉም። እና ያ ታሪክ ለደብተሩ ምስክር አይሆንህም።

መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ እንዲያውም ሁለቱን ቆጠራዎች ለይቶ ያስቀመጠልህ መጽሐፍ ነው። ሙሉው ተርፎ የተገኘው በእኛው በግዕዝ እንደሆነ ታውቃለህ። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 መልአኩ ዑርኤል የፀሐይንና የጨረቃን መንገድ፣ የሚወጡበትንና የሚገቡበትን በር ለሄኖክ ያሳየዋል። ምዕራፍ 8 ላይ ግን የወደቁት መላእክት ለሰው ልጅ ካስተማሩት ክፉ ነገር መካከል የከዋክብት ጥንቆላ አለ፤ ከሥራይና ከአስማት ጋር አብሮ ተቆጥሯል። አንድ መጽሐፍ ነው። የሰማዩን ሥርዓት ማወቅ ከቅዱስ መልአክ ሲመጣ፣ በእሱ ሰውን መጠንቆል ከወደቁት መጣ። ዘፍጥረት ብርሃናቱ ለዘመን፣ ለዕለትና ለዓመት ተሠሩ ይላል። ዘዳግም 18 ጠንቋይንና ሟርተኛን ይከለክላል። ኤርምያስ 10 ደግሞ አሕዛብ የሚፈሩትን የሰማይ ምልክት አትፍሩ ይላል። የኤርምያስ ቃል ለአንተ የተጻፈ ነው የሚመስለኝ፤ ያለኸው ፍርሃት ላይ ነውና።

አባትህን በተመለከተ ግን ቶሎ አልፈርድም፤ አንተም አትፍረድ። ይህ ነገር የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እርስ በርስ ብዙ ዘመን የተከራከሩበት ነው። አውግስጢኖስ ራሱ በወጣትነቱ ኮከብ ቆጣሪዎችን ያማክር ነበር። ከዚያ ያላቀቀው አንድ ወዳጁ የነገረው ታሪክ ነው። የወዳጁ አባት እንደ አንተ አባት እነዚህን መጻሕፍት ይወዱ ነበር። ወዳጁ በተወለደባት በዚያችው ቅጽበት በሌላ ቤት የአንዲት ባሪያ ልጅ ተወለደ። ኮከባቸው አንድ ነው። አንዱ በሀብትና በክብር አደገ፣ ሌላው ባሪያ ሆኖ ኖረ። ይህን ከሰማ በኋላ አውግስጢኖስ ወደ ቆጣሪዎቹ አልተመለሰም። ቅዱስ ባስልዮስም ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ሲሰብክ፣ ሁሉ በኮከብ የተወሰነ ከሆነ ዳኛው ለምን ይፈርዳል፣ ገበሬውስ ለምን ይለፋል ብሎ ይጠይቃል።

እኛም አገር ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጥንቆላንና ሟርትን በጽሑፋቸው አጥብቀው ካወገዙት ዋነኛው ናቸው። መስከረም 21 ግሸን የምንወጣው፣ ግማደ መስቀሉን እዚያ አሳረፉት ብለን የምናከብራቸው እኚሁ ንጉሥ ናቸው። ይህ ሁሉ ውግዘት ባለበት አገር ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጥ እዚህ ደረሰ። አባትህን ያስተማሯቸው ሰዎች ከባሕረ ሐሳቡ ጎን አስቀምጠው አስተማሯቸው፤ እሳቸውም ተቀበሉ። የመጣውን ሰው ባዶ እጁን መመለስ አልሆነላቸው ይሆናል። ልክ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ሰው ሲፈራ ጊዜ ሮጦ የሚመጣባቸው ሰው እንደነበሩ ግን ከደብዳቤህ ይታያል። ቅኔ ያስተማሩትን፣ ለቡና ብቻ የተቀበሉትን እንግዳ የሚመዝነው ሌላ ነው። አንተ ጸሎት አድርስላቸው።

አሁን ወደ ዕዳው። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ደብተሩ «ሀብት ይበትናል» ባይል ኖሮ፣ «ዕድሜ ያሳጥራል» ቢል ወይም «ልጅ ያዘገያል» ቢል ኖሮ ይህን ያህል ትደነግጥ ነበር? እኔ እጠራጠራለሁ። ድሮውኑ ሆድህ ውስጥ ያለ ሥጋት ነበር። ስለ ልጁ ብድር ሰምተሃል፤ መጠየቅ ከብዶሃል። ሽማግሌ ከተላከና ቀለበት ከታሰረ በኋላ የሙሽራው ዕዳ ስንት ነው ማለት በእኛ አገር ነውር ይመስላል። ከዚያ ደብተሩ ያንኑ ሥጋት በአባትህ እጅ ጽሑፍ መልሶ አነበበልህ። ተሳስቼ ከሆነ እረመኝ።

ካልተሳሳትኩ ደግሞ ሥራህ ቀላል ነው። ለእህትህ የምታደርሰው ጥያቄ እንጂ ቀሪ ቁጥር አይደለም። ብቻዋን አግኛት። «ስለ መኪናው ብድር ነግሮሻል?» በላት። ምናልባት ሁሉንም ታውቅ ይሆናል፤ ሴቶች አንዳንዴ እናንተ ከምትገምቱት በላይ አጣርተን ነው ቀለበት የምናስረው። ካላወቀች ራሷ ትጠይቀው። ከፈለገች አንተም አብረሃት ኮምቦልቻ ሂድ፤ ሳታውቅ ከጀርባዋ ግን አትሂድ። የሚጠየቀው ነገር ግልጽ ነው። ቀሪው ብድር ስንት ነው? ከባንክ ነው፣ ከሰው ነው ወይስ ከዕቁብ? በወር ስንት ይከፍላል? ሊብሬው በማን ስም ነው? ዋስ የሆነው ማነው? መኪናው ቢቆም በምን ይከፈላል? ሲጠየቅ አፍሮም ቢሆን የሚመልስ ልጅ ከሆነ፣ ወንድሜ፣ ያ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ቢቆጣና ቢሸሽ ግን እህትህ ማየት ያለባትን አየች።

ዕዳው ከባድ ሆኖ ከተገኘ መንገድ አለ። ድግሱን አሳንሱት። ሁለት ሰንጋ ጥሎ ሦስት ቀን ዳስ መዘርጋት ግዴታ አይደለም። በብድር ላይ የሠርግ ብድር መጨመር ነው ሀብት የሚበትነው፤ ለዚህ ደብተር አያስፈልግም። ወይም ጊዜ ከፈለጋችሁ፣ ቅድም ያልኩህ ያ አጭር ወቅት ይለፍና ከፋሲካ በኋላ ይሁን። ለሽማግሌዎቹ «ጊዜው ጠበበን» ማለት ማንንም አያሳፍርም።

የቆጠርከውንስ ትነግራታለህ? የእኔ ሐሳብ፣ አንተ ጀምረህ አትንገራት ነው። አንዴ ጆሮዋ ከገባ አይወጣም። ነገ ባሏ አምሽቶ ሲገባ፣ ልጅ ሲታመም፣ ጎማ ሲፈነዳ ሁሉ «ወንድሜ ብሎኝ ነበር» ትላለች። ትዳር ውስጥ የሚያጋጥመውን ተራ ነገር ሁሉ አንተ ትንቢት ታደርግባታለህ። ግን በቀጥታ ከጠየቀችህ አትዋሻት። «ቆጥሬ ነበር፣ ፈራሁ፣ ከዚያ ሳስበው የፈራሁት ዕዳውን ነው» በላት። ሙሉውን እንዳለ።

እናትህ ይለያሉ። «ደህና ነው» ብለሃቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ያንን ይዘው ልባቸው አርፏል። ያ ዕረፍት ደብተሩ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ቡና ሲያፈሉ ጠብቅና «እማዬ፣ ከእንግዲህ ኮከብ አልቆጥርም፤ ለእህቴም የወጣውን አታስቢው» በላቸው። ምን ወጣ ብለው ቢያስጨንቁህ «አላምንበትም» ማለት ይበቃል። ሊከፋቸው ይችላል። ባላቸው ሲሠሩት የኖሩትን ልጃቸው ሲተወው ማየት ቀላል አይደለም። ስለ አባትህ የምትወድላቸውን ነገር አንሣላቸው። ቅኔያቸውን አንሣ። ከእሳቸው የተረከብከው ይኼ ብቻ እንዳልሆነ ይስሙ።

ደብተሩን በተመለከተ፣ የንስሐ አባትህ የተቆጡበትን ምክንያት እረዳለሁ። በሐዋርያት ሥራ 19 የኤፌሶን ሰዎች የአስማት መጽሐፎቻቸውን ሰብስበው አቃጥለዋል፤ ዋጋው 50,000 የብር ሳንቲም ነበር ይላል። ካህኑ ከአየር አላመጡትም። ግን ደብተሩን ገልጠው አይተውታል? አንድ መሪጌታ ወፍራም ደብተር ላይ ኮከብ ብቻ አይጽፍም። ባሕረ ሐሳብ ሊኖር ይችላል፣ ቅኔ፣ ጸሎት፣ የልጆች የልደት ቀን፣ የዘመድ ዕረፍት። ይዘህላቸው ሂድና አብራችሁ ግለጡት። «አባ፣ የማይሆነውን ያሳዩኝ፤ የሚሆነውን ላስቀርና ላስተምርበት» በላቸው። የመቁጠሪያው ገጽ ይውጣ። ከወጣ በኋላም ቤትህ አታስቀምጠው። እጄ አላርፍ አለኝ ብለሃል፤ አንድ ማታ እንደገና አያርፍም። እሳቸው ይያዙት ወይም እሳቸው ያቃጥሉት። ቅር ቢልህም በዚህ በኩል ከካህኑ ጋር ነኝ።

«የመሪጌታ ልጅ» እያሉ የሚመጡትስ? አታመናጭቃቸው። አባትህም አላመናጨቁም። አስገባ፣ አስቀምጥ፣ «ምን ገጠመዎት?» በል። ላም የጠፋባት ሴት ሰፈሩን የሚያስስላት ሰው ያስፈልጋታል። ልጁን የሚድር አባት እንደ አንተ የሚፈራው ነገር ይኖረዋል፤ አስወጣው። ክርስቲያኑን ወደ ንስሐ አባቱ፣ ሙስሊሙን ወደ ሸሁ ላከው። ሸሁም ቢሆኑ ይህን ነገር ሐራም ነው እንደሚሉት ታውቃለህ። ወሎ ውስጥ ቄሱና ሸሁ ያለ ክርክር የሚስማሙበት ጉዳይ ቢኖር አንዱ ይኼ ነው።

ቁጥሩን ለሚወደው ልብህ ደግሞ ሥራ አለው። በአጥቢያህ ሰንበት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብን አስተምር። ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ፣ ተውሳክ እያልክ። የሚገድፍ ልጅ ማካፈልን አይፈራም፤ ለክፍልህም ይጠቅምሃል።

እህትህን ግን በዚህ ሳምንት አግኛት። ከሠርጉ በፊት ብዙ ጊዜ የለህም።